ወጣቶች በኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራር

ወጣት የኅብረት ሥራ መሪዎችን ማፍራት ወጣት አባላት የማኅበራቸውን ጉባኤ፣ ሒሳብና ቁጥጥር በሥራ ላይ ተለማምደው ለኮሚቴ አባልነት፣ ለቦርድና ለሥራ አስኪያጅነት የሚበቁበት ሒደት ነው። ከሌላው የአመራር ሥልጠና የሚለየው መሪው የድርጅቱ ባለቤትም፣ ደንበኛም፣ ተመራጭም በመሆኑ ነው። በአክሲዮን ማኅበር ብዙ አክሲዮን ያለው ብዙ ድምፅ አለው። በኅብረት ሥራ ማኅበር ግን አሥር ዕጣ የገዛውም አንድ ዕጣ የገዛውም እኩል አንድ ድምፅ ስላላቸው፣ መምራት የሚፈልግ ሰው ጎረቤቱን ማሳመን ይኖርበታል።

በ2013 ዓ.ም. አካባቢ በኢትዮጵያ ከ90 ሺህ በላይ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ከ20 ሚሊዮን በላይ አባላት ነበሩ። ከሀገሪቱ ሕዝብ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዕድሜው ከ30 ዓመት በታች ነው። ይሁን እንጂ በከተማ ማኅበራት ውስጥ ወጣቱ በአብዛኛው የሚታየው እንደ ተቀጣሪ ሻጭ፣ እንደ ገንዘብ ተቀባይ ወይም እንደ ብድር ተጠቃሚ እንጂ እንደ መራጭና ተመራጭ አይደለም። የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ "ወጣቱ ፍላጎት የለውም" ተብሎ ይታለፋል፤ የማኅበራቱን አባልነት አወቃቀርና ታሪካቸውን ላየ ሰው ግን መልሱ ሌላ ቦታ ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በአዲስ አበባ፣ በተለይም በምዕራቡ የከተማዋ ክፍል በሚገኘው በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ምሳሌነት ያቀርባል።

ከሕጋዊው ማኅበር በፊት

ዘመናዊው የኅብረት ሥራ ማኅበር በአዋጅ ከመምጣቱ አስቀድሞ ኢትዮጵያውያን በደቦና በወንፈል አርሰዋል፣ በእቁብ ቆጥበዋል፣ በእድር ቀብረዋል። እነዚህ ተቋማት የራሳቸው ሹመት አላቸው። እቁብ ሰብሳቢ ወይም ዳኛና ጸሐፊ ሲኖረው፣ እድር ደግሞ ከዳኛው (በአሁኑ አጠራር ሊቀመንበሩ) ሌላ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ጥሩምባ ነፊ አለው። ሕግ የሚያውቅ የለም ቢባል እንኳ ሁሉም የሚያውቀው ደንብ አለ፦ ያልከፈለ ይቀጣል፣ የቀረ ይቀጣል፣ የእድሩን ዕቃ የሰበረ ይተካል።

የእድር ጸሐፊነት በብዙ ሰፈር የመጀመሪያው የወጣት ሹመት ነበር። አባቶች መጻፍና ማንበብ ባልተስፋፋበት ዘመን ፊደል የቆጠረ ልጅ ተፈልጎ መዝገቡ ይሰጠው ነበር። ልጁ ስም ሲጠራ፣ ውዝፍ ሲያሰላ፣ ክርክር ሲጽፍ የሰፈሩን ሰው ጠባይ ያውቃል፤ ሽማግሌ እንዴት እንደሚለመንና እንዴት እምቢ እንደሚባል ይማራል። ይህ ሥልጠና ተብሎ አልተጠራም፤ የምስክር ወረቀትም የለውም።

በሌላ በኩል ግን የእድር አባልነት የሚቆጠረው በቤት ነው። አባል የሚሆነው አባወራው ወይም እማወራዋ ሲሆን ልጅ የራሱ አባልነት የሚኖረው ጎጆ ሲወጣ ነው። እስከዚያ ድረስ ድርሻው ድንኳን መትከል፣ አግዳሚ ወንበር መሸከምና ውኃ መቅዳት ነው። ወጣቱ ትዳር በሃያዎቹ መጀመሪያ ይይዝ በነበረበት ጊዜ ይህ ችግር አልነበረም። የቤት ኪራይ በናረበት በዛሬው አዲስ አበባ ግን ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ሰው ብዙ ስለሆነ፣ በቤት የሚቆጠር አባልነት አንድን ትውልድ በር ላይ አቁሞ ያስቀራል። ይህ ልማድ ወደ ሸማች ማኅበራትም እንዴት እንደተሻገረ ከታች ይታያል።

ታሪክ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ ሕግ የወጣው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን፣ ቁጥሩ 44 የሆነው ይህ ድንጋጌ የእርሻ ሠራተኞችን ማኅበራት የሚመለከት ነበር። ሰፋ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 241 እ.ኤ.አ. በ1966 ተከተለ። መሬት በባለርስት እጅ በነበረበት ሁኔታ ጭሰኛው የሚያዋጣው ነገር ትንሽ ስለነበር ማኅበራቱ ብዙም አልተስፋፉም።

ወጣቶች ከኅብረት ሥራ ጋር በብዛት የተገናኙት ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ነው። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ዘማቾቹ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎች ተማሪዎች ነበሩ። ፊደል ከማስተማር ባሻገር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ አስረድተው ገበሬውን በማኅበር ማደራጀት ሥራቸው ሆነ። በዕድሜ ሃያ ያልሞላው ተማሪ የአንድ አካባቢ የገበሬ ማኅበር ምርጫ ሲያስፈጽም የታየበት ጊዜ ነበር።

ዘመቻው ወጣቱን አደራጅ አደረገው እንጂ አባል አላደረገውም። ዘማቹ በማኅበሩ ውስጥ መሬት የለውም፤ ዕጣ የለውም፤ ማኅበሩ ቢከስር የሚያጣው ነገር አልነበረም። ከወታደራዊው መንግሥት ጋር በተፈጠረው ግጭት ብዙዎቹ ዘመቻውን ጥለው ሲሄዱ ማኅበራቱ ለገበሬው ቀሩ። አደራጅና አባል ሁለት የተለያዩ ሰዎች የመሆናቸው ነገር ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ተመልሷል።

ደርግ በ1970 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 138 የኅብረት ሥራ ማኅበራትን የሶሻሊዝም መሸጋገሪያ አድርጎ አዋቀረ። የገጠር አምራቾች ማኅበራት መልባ፣ ወልባና ወላንድ በሚባሉ ደረጃዎች እንዲያድጉ ታሰበ። በከተማ ደግሞ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተቋቋሙት ቀበሌዎች የየራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ፤ ስኳር፣ ጨውና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በተራ ይገዛ ነበር። የአመራር ቦታዎቹ ለፖለቲካ ታማኝነት የተሰጡ ስለሆኑ "ማኅበር" የሚለው ቃል ለብዙ ሰው የግዳጅ ስም ሆኖ ቀረ። መንግሥት በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በወራት ውስጥ ፈረሱ። አባላቱ በሬና ማረሻቸውን ተካፍለው ሲበተኑ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፤ ማኅበሩ የእኔ ነው ብሎ የሚሟገትለት ሰው አላፈራም ነበር።

አሁን ላለው ሥርዓት መሠረት የጣለው አዋጅ ቁጥር 147/1991 ነው። ማኅበራት በፈቃደኝነት፣ በአባላት ቁጥጥርና በነጻነት እንዲሠሩ ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. የፌዴራል የኅብረት ሥራ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ መሥሪያ ቤቱ በኋላ ኤጀንሲ ተብሎ ቆይቶ ዛሬ የኢትዮጵያ ኅብረት ሥራ ኮሚሽን ይባላል። አዋጅ ቁጥር 985/2009 ደግሞ የ1991ዱን ተክቷል። በዚህ ዘመን ከተነሡት መሪዎች በውጭም በስም የሚታወቁት አቶ ታደሰ መስቀላ ናቸው። ጃፓን ሄደው የገበሬዎችን ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሠራር ካጠኑ በኋላ በ1991 ዓ.ም. በ34 ማኅበራት የተቋቋመውን የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን መርተዋል። ዩኒየኑ ቡናን በቀጥታ ለውጭ ገዢ ለመሸጥ ያደረገው ጥረት እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው "ብላክ ጎልድ" በተባለው ዘጋቢ ፊልም ቀርቧል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም ከባለአክሲዮኖቹ መካከል የገበሬ ማኅበራት ያሉበት ነው።

ሕጉ የሚከፍተው በር

የ1991ዱ አዋጅ አንድ ሰው የመሠረታዊ ማኅበር አባል ለመሆን ዕድሜው ቢያንስ 14 ዓመት እንዲሆን ብቻ ጠይቋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሰው ለአካለ መጠን የሚደርሰው በ18 ዓመቱ መሆኑ ሲታሰብ ይህ ለጋስ ድንጋጌ ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በባንክ አካውንት ለመክፈት ሞግዚት ሲያስፈልገው፣ በዚያ አዋጅ መሠረት በማኅበር ግን ዕጣ ገዝቶ አባል መሆን ይችል ነበር ማለት ነው። ይህ በር መኖሩን የሚያውቅ ወላጅም ሆነ ተማሪ ግን ጥቂት ነበር።

አዋጁ ለመተካካት የሚረዱ ሌሎች ነገሮችም ነበሩት። የሥራ አመራር ኮሚቴ የሚመረጠው ለሦስት ዓመት ሲሆን አንድ ሰው በተከታታይ ከሁለት ጊዜ በላይ ሊመረጥ አይችልም ነበር። ማንም አባል ከተከፈለው የዕጣ ካፒታል ከ10 በመቶ በላይ መያዝ አይፈቀድለትም ነበር። ከሥራ አመራር ኮሚቴው ተለይቶ ተጠሪነቱ ለጠቅላላ ጉባኤ የሆነ ተቆጣጣሪ ኮሚቴም አለ። በወረቀት ደረጃ ስናየው ቢያንስ በየስድስት ዓመቱ አዲስ ሰው ወደ ወንበሩ እንዲመጣ የተገደደ ሥርዓት ነበር። በተግባር ግን የተዘጋጀ ተተኪ ከሌለ ሊቀመንበሩ ወደ ተቆጣጣሪነት፣ ተቆጣጣሪው ወደ ሊቀመንበርነት ይዛወራሉ፤ ያው ሰዎች ወንበር ተቀያየሩ እንጂ ማንም አልተተካም።

ከሁሉም ይልቅ ለወጣት የሚመቸው መግቢያ ተቆጣጣሪ ኮሚቴው ነው። ብር አያወጣም፣ ዕቃ አይገዛም፤ ሥራው ማየት፣ መቁጠርና መጠየቅ ነው። ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የሸማቾች ማኅበር በዓመት 200 ሺህ ብር የተጣራ ትርፍ ቢያገኝ፣ በ1991ዱ አዋጅ ስሌት 30 በመቶው ማለትም 60 ሺህ ብር ለመጠባበቂያ ይቀመጥና ቀሪው 140 ሺህ ብር ለአባላት ይደለደላል። ድልድሉ በከፊል በዕጣ ብዛት፣ በከፊል አባሉ ከማኅበሩ በገዛው መጠን ሊሆን ይችላል። 200 ሺህ የተባለው ቁጥር ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ግን መጋዘኑ ሲቆጠር ነው። የስኳር ኩንታል እየተመዘነ በኪሎ ሲሸጥ የሚዛን ጉድለት ይኖራል፤ ዘይት ይፈሳል፤ ዱቄት ይረጥባል። ጉድለቱ ተፈጥሯዊ ነው ወይስ የእጅ አመል? ይህን ጥያቄ በትህትና ግን ሳያፈገፍጉ መጠየቅ፣ መልሱንም በቃለ ጉባኤ ማስፈር የኅብረት ሥራ መሪነት የመጀመሪያው ትምህርት ነው። የሒሳብ ሪፖርት ማንበብ የማይችል ጉባኤ የሚመርጠው መሪ ሳይሆን ተናጋሪ ነው።

ኮልፌ ቀራኒዮ

ኮልፌ ቀራኒዮ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ400 ሺህ በላይ ነዋሪ የነበረው፣ ከጉለሌ፣ ከአዲስ ከተማ፣ ከልደታና ከንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚዋሰን ክፍለ ከተማ ነው። አየር ጤና፣ ቤቴል፣ ዓለም ባንክ፣ ካራ ቆሬ፣ አጠና ተራና 18 ማዞሪያ ከታወቁ ሰፈሮቹ መካከል ናቸው። በመሪዎች ታሪክ ውስጥ የኮልፌ ስም በውጭ ሀገር መጻሕፍት የሚነሣው ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 በዚያ በነበረው የፖሊስ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና በመውሰዳቸው ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከዚያ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው።

ክፍለ ከተማው ወደ መርካቶ ቅርብ መሆኑና ከጉራጌ፣ ከስልጤና ከሌሎች አካባቢዎች የመጡ ነጋዴዎችና የእጅ ሥራ ባለሙያዎች የሰፈሩበት መሆኑ የመደራጀት ልምድ አካብቶለታል። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ከአዲስ አበባ ገንዘብ አዋጥተው ወደ ትውልድ አካባቢያቸው መንገድ ለማሠራት ያቋቋሙት ማኅበር በሀገሪቱ ከታወቁት የራስ አገዝ ድርጅቶች አንዱ ነው። በዚያ ዓይነት ቤት ያደገ ልጅ መዋጮ፣ ውዝፍና ኮሚቴ የሚሉትን ቃላት ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቃቸዋል።

በክፍለ ከተማው ሦስት ዓይነት ማኅበራት ጎልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ አካባቢዎች ሁሉ በየወረዳው ያለው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። እነዚህ ማኅበራት በተለይ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኑሮ ውድነቱ ሲበረታ የስኳር፣ የዘይትና የስንዴ ዱቄት ማከፋፈያ በመሆን ተጠናከሩ። መንግሥት በድጎማ የሚያቀርበው ሸቀጥ በእነሱ በኩል ሲያልፍ ለነዋሪው የሚደርሰው በቤተሰብ ተቆጥሮ ነው። እዚህ ላይ የእድሩ ልማድ ይደገማል፤ ደብተሩ በእናት ወይም በአባት ስም ነው፣ ልጁ ወረፋ ይይዛል። ወረፋ የያዘው ልጅ ዕጣ መግዛትና በጉባኤ መናገር እንደሚችል የሚነግረው ሰው ካልተገኘ ማኅበሩን የሚያውቀው እንደ መንግሥት ሱቅ ነው። ኮሚቴዎቹን በብዛት የሚሸከሙት ጡረተኞችና የሰፈር ሽማግሌዎች መሆናቸው ከዚህ ጋር ይያያዛል። ጊዜ አላቸው፣ ይታመናሉ፣ ያለ ደመወዝም ያገለግላሉ። ሲደክማቸው ግን ቁልፉን የሚረከብ ሰው ያጣሉ።

ሁለተኛው ዓይነት ለወጣቶች ተብሎ የተቋቋመው ማኅበር ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣውና በ2003 ዓ.ም. የተሻሻለው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በቡድን አደራጅቶ ብድር፣ የመሥሪያ ሼድና የገበያ ትስስር የሚሰጥ ነበር። ብሎኬት ማምረት፣ ኮብልስቶን መጥረብና ማንጠፍ፣ የእንጨትና የብረት ሥራ፣ ቆሻሻ ማንሳት የተለመዱት ዘርፎች ናቸው። በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲቋቋም የዚህ አሠራር መጠን ሰፋ። አንባቢ ልብ ማለት ያለበት በአነጋገር ሁሉም "ማኅበር" ቢባሉም በሕግ አንድ አለመሆናቸውን ነው፤ አንዳንዶቹ በኅብረት ሥራ አዋጅ የተመዘገቡ ሲሆኑ ብዙዎቹ በንግድ ሕግ የተመዘገቡ የኅብረት ሽርክና ማኅበራት ናቸው። በሽርክና ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ፣ ተቆጣጣሪ ኮሚቴና የማይከፋፈል መጠባበቂያ ግዴታ ስላልሆኑ፣ ወጣቱ ለዓመታት ሠርቶም የኅብረት ሥራን መሠረታዊ ልምድ ሳያገኝ ሊወጣ ይችላል።

የእነዚህ ቡድኖች ድካም ያለው በአደረጃጀታቸው ነው። አምስት ወይም አሥር ሰው ብድር ለማግኘት ሲባል ስሙን ያስመዘግባል፤ ሊቀመንበሩም የሚመረጠው ከቢሮ ጋር መነጋገር የሚችል በመሆኑ ነው። ይህ ሰው ፎርም መሙላት፣ ደብዳቤ ማስመታት፣ ኃላፊ ማግኘት ይማራል፤ ከአባላቱ ጋር ስለ ሒሳብ መነጋገር ግን ብዙ አይማርም። ብድሩ ሲያልቅ ወይም የመንግሥት ፕሮጀክቱ ሲቆም ቡድኑ ይበተናል። ወጣቱ እዚህ ላይ የዘማቹ ግልባጭ ነው፤ ዘማቹ ያለ አባልነት አደራጅ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሳያደራጅ ተደራጀ።

ቆሻሻ የሚያነሱት ማኅበራት ከዚህ በመጠኑ ይለያሉ፤ ሥራቸው በብድር ላይ ሳይሆን በየቀኑ በሚሰጡት አገልግሎት ላይ የቆመ ነው። በአዲስ አበባ ከየቤቱ ቆሻሻ ሰብስበው ወደ ገንዳ የሚያደርሱት ማኅበራት የሚከፈላቸው ባስረከቡት መጠን ሲሆን ነዋሪው ክፍያውን ከውኃ ሒሳብ ጋር ይፈጽማል። ስለዚህ ማን ስንት ጊዜ ገፋ፣ ማን ቀረ፣ ገቢው እንዴት ይካፈል የሚለው ክርክር በየወሩ አለ። በክፍለ ከተማው የሚገኘው፣ በተለምዶ ቆሼ የሚባለው የረጲ የቆሻሻ መጣያ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች መሞታቸው በዚህ ዘርፍ ለሚሠሩና ከቆሻሻው ውስጥ ዕቃ ለቅመው ለሚተዳደሩ ሰዎች የመደራጀት ጥያቄ የደህንነት ጥያቄም መሆኑን አሳይቷል። የተበተነ ለቃሚ አደጋ አለ ብሎ የሚያመለክትበት፣ ካሣ የሚጠይቅበት ወይም ጓንትና ቦት ጫማ በጋራ የሚገዛበት በር የለውም። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ በዚያው አካባቢ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመርቋል።

ሦስተኛው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በመሥሪያ ቤት፣ በሰፈር ወይም ከተማ አቀፍ ሆኖ ይቋቋማል። በአዲስ አበባ በስፋት ከሚታወቁት መካከል አዋጭና አሚጎስ ይገኛሉ፤ "አሚጎስ" በስፓኒሽ "ጓደኛሞች" ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ማኅበር አባልነት በግለሰብ እንጂ በቤት ስለማይቆጠር፣ ደመወዝተኛ የሆነች የ23 ዓመት ወጣት ከአባቷ እኩል ድምፅ አላት። ለወጣት መሪዎች መፍለቂያ ሊሆን የሚችለውም ይህ ዘርፍ ነው። የብድር ኮሚቴ አባል ሆኖ "ለጓደኛህ ብድር ትፈቅዳለህ ወይስ ዋስ የለውም ትላለህ?" የሚል ጥያቄ ፊት ለፊት የገጠመው ወጣት ከብዙ ቀን ሥልጠና የሚበልጥ ነገር ተምሯል።

ሥልጠናና ትምህርት

በኢትዮጵያ ለኅብረት ሥራ ባለሙያ ማፍሪያነት ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው በአርሲ የሚገኘው የአርዳይታ ኮሌጅና የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። በ1990ዎቹ የመቀሌ፣ የሐዋሳና የሐረማያን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎችም የኅብረት ሥራ ትምህርት ከፍተዋል። ከእነዚህ የሚወጡት ምሩቃን ግን በአብዛኛው የሚቀጠሩት በወረዳና በዞን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች እንደ አደራጅ፣ ኦዲተርና መዝጋቢ ሆነው ነው። የተማረው ሰው ማኅበሩን ከውጭ ይቆጣጠራል፤ ከውስጥ የሚመራው ሌላ ነው። ይህ የትምህርቱ ጥፋት ሳይሆን የቅጥሩ ጉዳይ ነው፤ ለሥራ አስኪያጅ በቂ ደመወዝ መክፈል የሚችሉ መሠረታዊ ማኅበራት ጥቂት ናቸውና።

በአዲስ አበባ የከተማ አስተዳደሩ የኅብረት ሥራ ኮሚሽንና የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶቹ ለኮሚቴ አባላት አጫጭር ሥልጠናዎች ይሰጣሉ። ሥልጠናው ለተመረጡ ሰዎች ስለሚሰጥ ገና ያልተመረጠውን ወጣት አያገኘውም። በትምህርት ቤቶች ያሉት ክበባት ይህን ክፍተት የመሙላት ዕድል አላቸው፤ ተማሪዎች የቁጠባ ክበብ አቋቁመው ሳጥኑን በሦስት ቁልፍ ቢዘጉ፣ በየወሩ ሒሳብ ቢያነቡና በየሴሚስተሩ ኮሚቴ ቢቀይሩ የአዋጁን ይዘት ሳያነቡት ያውቁታል።

የሌሎች ሀገሮች ልምድ

እ.ኤ.አ. በ1895 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የኅብረት ሥራ ኅብረት በ1995 ማንቸስተር ላይ ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች አምስተኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ ነው። መርሁ ስለ ኅብረት ሥራ ምንነት ሊነገራቸው ከሚገቡት መካከል ወጣቶችን ለይቶ ይጠቅሳል። የዘመናዊው ኅብረት ሥራ ጅማሬ የሚባለው፣ በ1844 በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች ያቋቋሙት ሱቅም ቀደም ብሎ ከትርፉ ለአባላት ትምህርት የሚውል ገንዘብ ይመድብና የንባብ ክፍል ያዘጋጅ ነበር።

ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን በስፔን ባስክ አካባቢ ያለው ሞንድራጎን ነው። ሆሴ ማሪያ አሪስመንዲያሪየታ የተባሉ ወጣት ቄስ በ1941 ወደዚያች ትንሽ ከተማ መጥተው በ1943 የቴክኒክ ትምህርት ቤት ከፈቱ። የመጀመሪያው የአምራቾች ማኅበር ኡልጎር የተቋቋመው በ1956 ሲሆን መሥራቾቹ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ አምስት ወጣቶች ነበሩ፤ ስሙም የተሠራው ከስማቸው ፊደላት ነው። በትምህርት ቤቱና በፋብሪካው መካከል 13 ዓመት አለ። በአንድ የበጀት ዓመት ይህን ያህል ማኅበር አደራጀሁ ብሎ ሪፖርት ለማቅረብ ለሚቸኩል አሠራር ይህ ቁጥር ሳይረብሽ አይቀርም።

በጎረቤት ምሥራቅ አፍሪካ ታንዛኒያ በ1963 በሞሺ የተመሠረተውን የኅብረት ሥራ ኮሌጅ በ2014 ሙሉ ዩኒቨርሲቲ አድርጋለች። ኬንያም በናይሮቢ ያላትን የኅብረት ሥራ ኮሌጅ በ2016 ወደ ዩኒቨርሲቲ አሳድጋለች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2012ን እና 2025ን ዓለም አቀፍ የኅብረት ሥራ ዓመት ብሎ ሰይሟል።

ኮምፒውተር፣ ስልክና የወጣቱ ቦታ

የእድሩ ጸሐፊ በመጻፍ ችሎታው እንደተፈለገው ሁሉ የዛሬው ወጣትም ብዙ ጊዜ ወደ ማኅበር የሚጠራው ኮምፒውተር ስለሚችል ነው። የአባላት ዝርዝር ወደ ኤክሴል ይገባል፣ ሪፖርት ይተየባል፣ መዋጮ በባንክ መተግበሪያ ወይም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው ቴሌብር ይሰበሰባል። የቴሌግራም ቡድን የጉባኤ ጥሪን ያፋጥናል፤ ድሮ ለአንድ ስብሰባ ጥሩምባ ሲነፋ ማለዳ መቀስቀስ ግድ ነበር።

ይህ እውነተኛ መግቢያ ነው፤ ወጥመድም አለው። ወጣቱ የሌሎችን ውሳኔ የሚተይብ ከሆነ ጸሐፊ ሳይሆን ታይፒስት ነው፤ የእድሩ ልጅ ቢያንስ በክርክሩ መካከል ተቀምጦ ነበር። ልዩነቱ የሚመጣው ወጣቱ ያስገባውን ቁጥር በጉባኤ ፊት ቆሞ እንዲያስረዳና ለጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ሲደረግ ነው። በተቃራኒው ሒሳቡ ሁሉ በአንድ ወጣት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የይለፍ ቃሉን ሌላ የሚያውቀው ሰው ከሌለ ማኅበሩ ከመዝገብ ዘመኑ የባሰ ጥገኛ ይሆናል። የወረቀት መዝገብን ማንም ገልጦ ያየዋል፤ የተቆለፈ ፋይል ግን ባለቤቱ ሥራ አግኝቶ ሰፈር ሲለቅ አብሮ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ማኅበራት የሒሳብ ፋይሉን ቅጂ ለተቆጣጣሪ ኮሚቴው ይሰጣሉ፣ የባንክ ክፍያ በሁለት ወይም በሦስት ፊርማ እንዲወጣ ያደርጋሉ፣ በየወሩም ሒሳቡን አትመው አባላት በሚያዩት ቦታ ይለጥፋሉ።